ወንዝ ዳር የሚፈታ ፋሻ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሕፃናት ዓይን ላይ ነው። ኮልፌ ተወልዶ እኔ ዓይኑን ገልብጬ ያላየሁት ሰው ካለ፣ ወይ እኔ ካረጀሁ በኋላ የተወለደ ነው ወይ እናቱ ፈርታኛለች። ዛሬ "ሲስተር" እያሉ ወንበር ይለቁልኛል። በጣሊያን ጊዜ ግን ስሜ ሌላ ነበር፤ የጣሊያን ገረድ ነበር የምባለው።

ሙያውን ያስተማረኝ ጣሊያን ነው። ደግ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ። መርካቶ አጠገብ ለአገሬው ሰው ብለው በከፈቱት ሕክምና ቤት የነበረው ሐኪም የሐበሻ ልጅ ፊት መንካት ይጠየፍ ነበር። በፊት ለፊቱ በር የሚገባውን የነጭ ልጅ አቅፎ ይስማል፤ በጓሮ በር ለሚገባው ግን በዱላው ጫፍ እየጠቆመ "ግለጪ፣ እጠቢ፣ አድርቂ" ይለኛል። እኔ ወላጅ የሌለኝ፣ ሚሲዮን ቤት ቋንቋቸውን የለቃቀምኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ልጁን በነጠላ ጥቅልል አድርጌ ጭንቅላቱን በጉልበቶቼ መካከል እይዛለሁ። የዓይኑን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጬ መግሉን አጥባለሁ፣ ጠብታውን አደርጋለሁ። እሱ ሲጠየፍ እኔ ለመድኩ። ምርቃት የለው፣ ወረቀት የለው፤ እንዲህ ነው የተማርኩት።

ያን ጊዜ ኮልፌ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር፤ ወደ መርካቶ ስንሄድ ወንዝ እንሻገራለን። ደጃችን አንድ የሆነ ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ አርበኛ ነው፣ ዱር ገብቷል፤ እሷ አንዲት ልጇን ይዛ ቀርታለች። ልጅቷ አፏን ገና የፈታች ቀበጥ ነበረች፣ "አክስቴ" እያለች ቀሚሴ ሥር የምትገባ። አንድ ቀን አጥር ሥር ስትጫወት እሾህ ግራ ዓይኗን ጫራት። ሲያድር ዓይኗ አብጦ ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር ታየ።

"ነገ ይዘሻት ነይ" አልኳት እናቷን።

"እዚያ?"

"አዎ፣ እዚያ። አለዚያ ዓይኗ ይፈሳል።"

መጣች። ሐኪሙ ለአንዴም ቢሆን ዱላውን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ አየና "ይድናል፤ ፋሻው ካልተፈታ" አለ። አቧራና ዝንብ ካልነካው፣ በየጊዜው እኔ እያጠብኩ ካሰርኩት ይድናል። ምን ልደብቅ፣ የራሴ ልጅ የዳነች ያህል ደስ አለኝ። አጥቤ፣ ቢጫውን ቅባት ቀብቼ፣ ፋሻውን ከጆሮዋ ኋላ ቋጠርኩት።

ዓይኑ ግን ባሰበት። መግሉ ጨመረ። ሐኪሙ "እጅሽ ቆሻሻ ነው" ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ፤ እኔም አምኜው እጄን እስኪላጥ በሳሙና ፈተግኩት። በኋላ አንድ ቀን ፋሻውን ልፈታ ስል ቋጠሮው ግንባሯ ላይ ነው። እኔ ግንባር ላይ አልቋጥርም።

ያን ዕለት ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። እናቲቱ ወንዙ ዳር ስትደርስ ግራ ቀኝ ገላምጣ ልጅቷን ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ፋሻውን ፈትታ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ ከብት በሚጠጣው ውሃ ፊቷን አጥባ ያን ቅባት ጠርጋ ጠርጋ አጠፋችው።

"አንቺ ሴትዮ! በሕግ አምላክ! ምን እያደረግሽ ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ዓይኗን በእጅሽ እያወጣሽው እኮ ነው!"

"ፋሻ አስሬያት መንደር ልግባ? 'የአርበኛው ሚስት ለጣሊያን ገባች' እንዲሉኝ? መልእክት ልኮብኛል እኮ። 'ጣሊያን ደጃፍ ከቆምሽ ሚስቴ አይደለሽም' ብሏል።"

"እሺ፣ ከነጠላሽ ቀደሽ እሰሪው። እኔ ቤት አጥብልሻለሁ።"

"ያንቺስ ቤት የማን ቤት ሆነና?" አለችኝ።

ለመንኳት፣ አለቀስኩ። እምቢ ስትለኝ ደሜ ፈላ። "ባልሽ ሲመለስ በየትኛው ዓይኗ ልታየው ነው?" አልኳት።

"አንቺ ምን አለብሽ? የሚልክብሽ ባል የለ" ብላ ልጅቷን አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ቤቷ ብሄድ በሩን አልከፍት አለች። የልጅቷ ዓይን ፈሰሰ።

ለሰው ሞት አነሰው ያሉት ወደው አይደለም። የሚጠየፈውን ሐኪም ረገምኩ፤ ዱር ተቀምጦ ስለ ደጃፍ የሚያዘውን ጀግና ረገምኩ፤ ከሁሉ አብልጬ እሷን ረገምኩ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ጣሊያን ወጣ። አርበኛው ጎፈሬውን አጎፍሮ መንደር ሲገባ ሁሉም ወጥቶ ተቀበለው። እኔም ወጥቼ እልል አልኩ፤ አገሬ አይደለም እንዴ? ልጁን ብድግ አድርጎ አቀፋት፣ ፊቷን አየና ቀጥ አለ።

"ልጄን ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?"

እልልታው ቆመ። እናቲቱ አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ "ያንተ ቃል ነው፣ የላክህባት ቃል!" ልለው። ግን ከተናገርኩ ጣሊያን ደጃፍ መቆሟን መስማቱ ነው፣ ዛሬውኑ ያባርራታል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ልጅቷ ግን በአባቷ ክንድ ላይ ሆና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "እሷ ናት፣ አባባ። የጣሊያን ገረዷ ናት። እማማ ውሃ ስትወርድ ጠብቃ ቤታችን ገብታ መርዝ ጠብ አደረገችብኝ" አለች። አንዲት ቃል ሳትሳሳት፣ አቡነ ዘበሰማያት እንደሚደግም ልጅ፣ በቃሏ ነው ያለችው። እናቷ ስታስጠናት ከርማለች።