ሞክሌስ መሮጥ ያቆመበት ዒድ

የእህቴ ባል ሞክሌስ ሃውላዳር ዳካ ውስጥ አንድ ተራ ቀን ውሎ ለማደር የሚያወጣው ይህን ያህል ነው፦ ለአራት እንቁላል ሃምሳ ታካ፣ ለሙዝ ሃያ፣ እስከ ልምምድ ሜዳው ለሪክሾ ስልሳ፣ ለጉልበቱ በረዶ ደግሞ ሃያ። በረዶውን የሚያመጣው ከዓሣ ተራ ነው፤ እዚያ ይረክሳል። ስለዚህ ማታ ማታ ጉልበቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ከክለቡ ደጋፊዎች ይልቅ የሰፈሩ ድመቶች ይወዱታል። ለምሳ ምንም አያወጣም። ምሳውን በወንዝ መርከብ ከባሪሳል የምትልክለት እናቴ ናት፤ እሱ የሚከፍለው ምሳ ዕቃውን ከወደብ ተሸክሞ ለሚያመጣለት ሰው ሠላሳ ታካ ብቻ ነው። ከሁሉም የምታንገበግበው ግን ያቺው ሠላሳ ታካ ናት።

ሞክሌስ ክሪኬት ተጫዋች ነው፤ ያውም ሁለገብ የሚባለው ዓይነት። ይመታል፣ ይወረውራልም። ሁለቱንም የሚችል ሰው ሁለት ደሞዝ ያገኛል ብላችሁ ካሰባችሁ እንደ እናቴ ተሳስታችኋል፤ እህቴን ሼፋሊን የዳረችለት በዚሁ ስሌት ነበር። የሚያገኘው ሁለት ደሞዝ ሳይሆን ሁለት ወቀሳ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ መቺዎቹ “ወርዋሪ ነኝ ብለህ ምን ሠራህ?” ይሉታል፤ ወርዋሪዎቹ ደግሞ “መቺ ነኝ ብለህስ?”

ሲጀምር መምቻው ከኮኮናት ዝንጣፊ የተጠረበ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን በየመንደሩ ለአንድ ቀን ጨዋታ ይከራዩት ጀመር። ክፍያው አንዳንዴ ሸሚዝ፣ አንዳንዴ ዶሮ ነው። አንድ ጊዜ ፍየል ሰጡትና ፍየሏ በጀልባ ሲመለሱ ጓንቱን በላችበት። ከዚያ ዳካ ገባ፤ በሁለተኛው ሊግ ለአንድ ክለብ አሥር ዓመት ያህል ተጫወተ። የሚታወቀው በመንደርደሪያው ነው። ኳስ ሊወረውር ሲል ከሜዳው ዳር ድረስ ይሄድና እንደ ጎርፍ ይመጣል። ተመልካቹ እሱ እስኪደርስ ኦቾሎኒ ገዝቶ ፈልፍሎ ይጨርሳል ይባላል።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። የክለቡ ኃላፊ ኮንዶካር ሳሄብ (“ሳሄብ” በእኛ ዘንድ “ጌታዬ” እንደማለት ነው) ጠርቶ እንዲህ አለው፦ “መቺ ሞልቶኛል፣ ያውም ወጣት። አሁንም መወርወር የምትችል ከሆነ ግን ውልህን አድሳለሁ። ለዒድ አገሬ ባሪሳል እገባለሁ፤ መጥቼ አይሃለሁ።”

ባሪሳል ከተማ ታላቅ ወንድሙ ቆርቆሮ ይሸጣል። ገና ምንም ሳይወሰን ለሞክሌስ ከመደርደሪያው ኋላ በርጩማ አዘጋጅቶለታል፤ ያውም ባለ ትራስ። “ጉልበትህንም ያሳርፍልሃል” ይለዋል። ሞክሌስ ያንን በርጩማ በህልሙ ያየው ነበር። አንድ ጊዜ “ባለ ትራስ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ” ብሎ ለሼፋሊ ነገራት።

በእኛ መንደር በዒድ ማግስት ጨዋታ አለ፦ የመንደሩ አማቾች በአንድ ወገን፣ የሚስቶቻቸው ወንድሞች በሌላ ወገን። የሚሸነፈው ወገን ለመንደሩ ሁሉ ጣፋጭ ይገዛል። ሞክሌስ እህቴን ካገባ ወዲህ ጣፋጩን የሚገዙት ወንድሞች ናቸው። የወንድሞች አለቃ ደግሞ የኛው ሮኮን ነው፤ እኔና ሼፋሊ ያለን አንድ ወንድም፣ መላ የማያልቅበት። በዒድ ዕለት እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

“እማ፣ ዱላባይ ምን እንዳለ ሰማሽ?” የእህታችንን ባል የምንጠራው ዱላባይ ብለን ነው።

“ምን አለ?”

“‘ሥጋ እንደ ወንድሜ ሚስት የሚሠራ የለም’ አለ።”

“ሥጋ ብቻ?”

“ዓሣም። እርጎም መሰለኝ።”

እናቴ የተከተፈውን ሽንኩርት እንደገና ከተፈችው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ በማግስቱ መሮጥ እስኪያቅተው ልታበላው ነው፤ ሮኮንን ባየው በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም የወንድሞች ወገን ነኝና ሳቄን በልጄ አንገት ስር ደበቅሁ።

በማግስቱ ጧት ሞክሌስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። በወተት የተቀቀለው ጣፋጭ ቀጭን ፓስታ መጣ፣ ከዚያ የሩዝ ቂጣ፣ ከዚያ ሥጋ፣ ከዚያ ዓሣ በሰናፍጭ፣ እንደገና ሥጋ።

“እማማ፣ ይተዉ፣ ጠገብኩ።”

“ምኑን በላህና? አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ።”

“ዛሬ ጨዋታ አለብኝ…”

“ታዲያ ባዶ ሆድ ይጫወታል? በሞቴ!”

እጁን ሳህኑ ላይ ዘርግቶ ሲከላከል እጁ ላይ ጨለፈችበት። ጎኑ የተቀመጠው ሐሩን አጎንብሶ ይበላል። ሐሩን የአጎቴ አማች ነው። ሙሽራ ሆኖ የመጣ ጊዜ በመጀመሪያው ሳህን “በቃኝ” አለ። ያው ስሙ ሆኖ ቀረ፤ ልጆቹ እንኳ ትምህርት ቤት “የበቃኝ ልጆች” ይባላሉ። ሞክሌስ ወደ ሐሩን አየና ጭልፋውን በፀጋ ተቀበለ።

እኔ ጓዳ ውስጥ እየሳቅሁ ሳለ ሼፋሊ ክንዴን ያዘችኝ። “ሚኑ፣ አትሳቂ። ኮንዶካር ሳሄብ ዛሬ ይመጣል። መወርወር ካልቻለ ክለብ የለም። በርጩማው ነው።”

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሮጬ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች።

“ሰው ሊያየው ይመጣል? ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!” አለችና የእርጎውን ማሰሮ አነሳች። “በል አባቴ፣ ይህ ደግሞ ኃይል ይሰጣል።”

ሜዳው የታጨደ የሩዝ ማሳ ነው፤ ኳሱ የቴኒስ ኳስ፣ ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመበት። ኮንዶካር ሳሄብ በእርግጥ መጣ። ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ አፍ የሚያቀላውን የቢተል ቅጠል እያኘከ፣ የኮኮናቱ ጥላ ስር ተቀመጠ። አማቾች ቀድመው መቱ። ሞክሌስ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሮጦ ነጥብ ማምጣት ስላልቻለ ኳሷን በኃይል እየመታ ከሜዳ ያስወጣትና ቀስ ብሎ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሠራለት። በአራተኛው ኳሷ ኩሬ ገባች። በእኛ ሕግ ኩሬ የከተተ ከጨዋታ ይወጣል፤ ያውም ኳሷን ራሱ ያመጣል። ልብሱን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሮኮን ጮኸ፦

“ዱላባይ፣ ውሃው ሞልቶ እንዳይፈስ ቀስ በል!”

ኮንዶካር ሳሄብ አልሳቀም። እንደ ተናገረው መቺ ሞልቶታል።

ተራው የወንድሞች ሆነ። ሞክሌስ ኳሷን ይዞ እንደ ልማዱ እስከ ማሳው ዳር ሄደ። ተንደረደረ። መንገድ አጋማሽ ላይ ቆሞ ሆዱን ያዘ።

“ምነው ምን ረሳህ?” አሉ ወንድሞች።

“ትራስ እናምጣልህ?”

ሞክሌስ ተመልሶ ሄደ። እንደገና ተንደረደረ፤ ከፊተኛው ቀድሞ ቆመ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ለረጅም ጊዜ ሰማዩን አየ። ሼፋሊ አጠገቤ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ኮንዶካር ሳሄብ ጃንጥላውን አጠፈ። ተነሳ። የልብሱን ቂጥ አራገፈ። 

ሞክሌስ የታጠፈውን ጃንጥላ አየ። ከዚያ ወደ ዳር መሄዱን ተወና መወርወሪያው መስመር አጠገብ ቆመ። ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመደ፤ አገሳ፤ ኳሷንም በጣቶቹ አሹሮ ወደ ላይ ለቀቃት። ልምምድ ላይ ሲደክመው እንዲህ ይጫወት ነበር፤ አሠልጣኙም “ይህን የልጅ ነገር ተው” እያለ ይቆጣዋል። ኳሷ አየር ላይ እንደ ጠገበ አሞራ ተንሳፈፈች። መቺው ጎረቤታችን ነው፤ ኳሷን መጠበቅ አልቻለም፤ ገና ሳትደርስ አየሩን መታ። ኳሷ ወርዳ፣ የታጨደ ሩዝ ጉቶ ነክታ፣ ወደ ጎን ታጥፋ፣ ከኋላው ያሉትን ሦስት እንጨቶች በቀስታ ገፋቻቸው። መቺው ወጣ።

ሰዉ ዕድል ነው አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው ወጣ። ሦስተኛውን መቺ የኳሷ መዘግየት አስቆጥቶት ስድብ ጀምሮ ነበር፤ ስድቡን ሳይጨርስ ወጣ። ኮንዶካር ሳሄብ ጃንጥላውን መልሶ ዘረጋ።

ሮኮን መምቻውን እያሽከረከረ ገባ። “ዱላባይ፣ ኳሷም ቁርስ በልታለች እንዴ? ላንተ ብዬ እዚያ ድረስ ልምጣላት?”

“ና፣ እዚህ ናት።”

እውነትም መጣ። ከመስመሩ ወጥቶ ሊመታት ተንደረደረ፤ ኳሷ በጎኑ ታጥፋ አለፈች። ከእንጨቶቹ ኋላ የቆመው ሐሩን ያዛት። መስመሩን ለቆ የወጣ መቺ ከመመለሱ በፊት እንጨቶቹ ከተነኩ አበቃለት። ሐሩን ግን አልቸኮለም። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቆታል! ኳሷን እንጨቶቹ ላይ አስነካና፦

“ሮኮን ወንድሜ፣ በቃህ!” አለው።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጣፋጩን እንደገና ወንድሞች ገዙ።

ኮንዶካር ሳሄብ ወደ ሞክሌስ መጣ። “ይህን መቼ ተማርከው?”

“ዛሬ ጧት፣ ሳሄብ።”

“ማን አስተማረህ?”

ሞክሌስ አፉን ሳይከፍት እናቴ ደረሰች። “እኔ ነኝ ጌታዬ። እርጎው ነው። እርስዎም ምንም አልቀመሱም፣ ይግቡ!”

ገባ። ሳህኑ ላይ እጁን ሲዘረጋ እጁ ላይ ጨለፈችለት። የማታው መርከብ አመለጠው። ሊተኛ ሲል፣ እየተነፈሰ፣ “ውሉን ዳካ ስትመጣ ትፈርማለህ። ከእንግዲህ እንዳትሮጥ” አለው።

ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የሞክሌስ ኳስ ቀርፋፋ ነው፤ ጉልበቱም በማታ በረዶው ደህና ይውላል። እንዲህ አሳስቆ ጥፋት ያመጣል ብዬ የፈራሁት ነገር እንጀራ ሆኖለት ሳየው፣ ልጄ ወተቷን ስትደፋም ቶሎ አልቆጣም፤ ከምን ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። በርጩማው ላይ ወንድሙ የሚስማር ካርቶን አስቀምጦበታል።

ችግሩ እናቴ ናት። ኳሷን ያዞረው እርጎው እንደሆነ በሙሉ ልቧ ታምናለች። ጨዋታ ኖረም አልኖረም ምሳ ዕቃውን ሞልታ ትልካለች። አዲሱ አሠልጣኝ ደግሞ ሚዛን ገዝቷል፤ ሰኞ ሰኞ ተጫዋቾቹን እየመዘነ ሞክሌስ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ይጠርጋል።

ስለ እሱ ልጽፍ መሆኔን በስልክ ስነግረው እንዲህ አለኝ፦

“ሚኑ፣ የፈለግሽውን ጻፊ። ፍየሏንም ጻፊ። ግን አንድ ልመና አድርሺልኝ። ይህን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ በማታው መርከብ ከባሪሳል ወደ ዳካ የምትመጡ ከሆነ፣ ወደቡ ላይ አረንጓዴ ጃንጥላ የያዙ እናት ባለ አራት ድርብ ምሳ ዕቃ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እባካችሁ እምቢ አትበሉ፤ ያዝናሉ። ‘እናደርሳለን’ ብላችሁ ተቀበሉ። መርከቡ ከወደቡ ፈቀቅ እንዳለ ክፈቱትና ብሉት፤ አጠገባችሁ ያለውንም ሰው ጋብዙ። ዕቃውን ግን አጥባችሁ አድርሱልኝ፤ ድርቦቹን ይቆጥራሉ።”

ስልኩን ሊዘጋ ብሎ ተመለሰ።

“ሦስተኛው ድርብ ውስጥ ያለውን ዓሣ ግን ተዉልኝ በያቸው።”