የመዲና የሂና ፎቶዎችና አዲሱ ላፕቶፔ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... አዲሱን ላፕቶፔን ከፈት ሳደርግ አንድ የማላውቀው ወንድ ተኝቶ አገኘሁ።

በፎቶ ነው። ፍራሽ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በቁምጣ። እኔ አዳማ ውስጥ ከእናቴ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። እንኳን በቁምጣ የተኛ ወንድ ፎቶ ላነሳ... «አዑዙ ቢላሂ!» ብዬ ክዳኑን ድርግም አደረግኩት።

ትንሽ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት። ከሰውዬው ቀጥሎ የጀልባ ፎቶ አለ፣ የቲማቲም ሳጥን አለ፣ የጋሪ ፈረስ አለ። አንዱንም እኔ አላነሳሁትም። እያየሁ ሳለ ደግሞ ሌላ ፎቶ መጣ... ማንም ሳይነካው፣ ዓይኔ እያየ! ፋኑ አናቴ ላይ እየዞረ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ያኔ ነው የመዲና ፎቶዎች ትዝ ያሉኝ።

መዲና ታናሽ እህቴ ናት፤ ከተዳረች ሁለት ሳምንቷ ነው። የሂናዋ ቀን ሴቶች ብቻ ነበርን። በሩን ዘግተን፣ ፀጉራችንን ፈትተን፣ እንደልባችን ስንጨፍር የተነሳነው ፎቶ ስልኳን ሞላባት። «ፈቲያ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። የወንድ ዓይን እንዳያርፍበት፣ አደራ!» አለችኝ። እኔም ሐሙስ ዕለት አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ገልብጬ ከስልኳ አጠፋሁላት።

አሁን ፎልደሩን ስከፍተው ባዶ ነው። ክው አልኩ።

ላፕቶፑን እንዴት እንደገዛሁት ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ኮምፒውተር ከካርቶኑ አውጥቶ ራሱ የሚያስጀምር ሰው እስካሁን አላየሁም። ሁላችንም ሱቅ ላይ «ጫንልኝ» ነው የምንለው። ሻጩ «ኢሜይል አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለኝ፣ ግን ፓስወርዱን ረስቼዋለሁ» አልኩት። «ችግር የለም፣ እኔ ሁሉንም ጨርሼ እሰጥሻለሁ።» ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነሺዳውን፣ የቱርክ ፊልሙን፣ ሁሉንም ሞልቶልኛል። ፓስወርዱ ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር ነው፤ እንዳልረሳው ፕላስተር ላይ ጽፎ ከሥሩ ለጥፎልኛል። ኢሜይሉን በማን ስም እንደከፈተው አላየሁም። እንዲያውም መርቄው ወጣሁ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ፎቶዎቹን ስፈልግ ስክሪኑ ላይ ያልነበረ አንድ ጽሑፍ አየሁ። ርዕሱ «ፎቶሽ እኔ ጋ ነው» ይላል። ከፈትኩት። አንድ መስመርና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። «ሁሉንም ከዚህ አጥፍቼ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ደውዪ።»

አለቀልኝ። ፎቶ ይዘው ስለሚያስፈራሩ ሰዎች ያልሰማ የለም። የመዲና ባል፣ የባሏ ቤተሰብ፣ አብረውን የጨፈሩት ሴቶች ባሎች... ሁሉም በየተራ ፊቴ ላይ መጡ። እናቴ ከሳሎን «ፈቲያ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትተነፍሺው?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው እማ» አልኳት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ደወልኩ።

«አካም ጅርታ! የሂናዎቹ ፎቶ ባለቤት ነሽ?» የሴት ድምፅ ነው።

«ማነሽ አንቺ? ከእኔ ምንድነው የምትፈልጊው?»

«ጫልቱ እባላለሁ፣ ባቱ ከተማ ነው የምኖረው። አትደንግጪ እህቴ! ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከባሌ ጋር ቁጭ ብዬ ሴቶች ሲጨፍሩ ኮምፒውተሬ ላይ ይመጡብኛል። ከኋላቸው ወንበሩ ላይ ሂጃብ ተከምሯል። ለወንድ የሚታይ አለመሆኑ ወዲያው ገባኝ። ስክሪኑን በሻርፔ ሸፍኜ ባሌን እንጀራ እንዲገዛ ላክሁት። እሱ እስኪመለስ ፍላሽ ላይ ገልብጬ አጠፋሁት። ከእኔ ሲጠፋ ከአንቺም እንደሚጠፋ አላወቅኩም። ዛሬ አንድ የሚያውቅ ሰው ነገረኝ... እኔ ጋ የጻፍኩት አንቺም ጋ ይመጣል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።»

ስንጠያየቅ እሷም አዳማ መጥታ ከዚያው ሱቅ ነው የገዛችው። እኔ ግን ገና አላመንኳትም።

«የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ባሌ በቁምጣ የተኛበትን ለማንም እንዳታሳዪብኝ። ለራሴ መሳቂያ ያነሳሁት ነው፤ ካወቀ አይምረኝም!»

ሳቅኩም አለቀስኩም። ስረጋጋ ግን «እኔና አንቺ ብቻ አይደለንም እኮ» አለችኝ። «ትናንት ዱከም ያለ የማላውቀው ሰው የሥራ ማመልከቻ መጥቶብኛል።»

በባጃጅ ሱቁ በረርኩ። ሻጩ ምንም አልመሰለውም። «ለሁሉም በሱቁ አካውንት ነው የምከፍተው። ሰው ፓስወርድ እየረሳ መጥቶ ያደርቀኛል» አለኝ።

«ታዲያ አንዱ ያስቀመጠው ፎቶ ሌላው ጋ ይሄዳል?»

«ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው» አለ፣ ሊያጽናናኝ።

«ስንት ኮምፒውተር ነው በዚህ አካውንት የከፈትከው?»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንዱን እጁን ጨረሰ። ሁለተኛውን ጨረሰ። ከዚያ ጣሪያውን አየና ተወው።

እዚያው ላዩ ላይ ቆሜ የሱቁን ፓስወርድ አስቀየርኩት፤ በአካውንቱ ገብተው የነበሩትን ኮምፒውተሮችም ሁሉ አስወጣ። የእኔን ላፕቶፕ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲያስነሳው በራሴ ኢሜይል ከፈትኩት። ፓስወርዱን ስጽፍ «ፊትህን አዙር» አልኩት። ፍላሹን ሰኞ ዕለት ባቱ ድረስ ሄጄ ከጫልቱ እጅ ተቀበልኩ። በዚያው በሻርፗ ጠቅልላ ነው የሰጠችኝ። ባሏም ተዋወቀኝ፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ለመዲና መደበቅ አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ፍላሹን ከእጄ ተቀብላ «ጫልቱ እስክታጠፋው ድረስ... ስንት ሰው አየው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ ያነገተ ወንድ ባየሁ ቁጥር ሂጃቤን ወደ ግንባሬ ሳብ አደርጋለሁ።