እናቷን ያልጠየቀቻት

የሺዓለም በእስራኤል ከቂርያት ማላኪ ከተማ ያቭነ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን እየተመላለሰች ለወጣቶች ሥነ ዜጋ ታስተምር ነበር። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አንድያ ልጇም አግብታ ወደ ሰሜን ሄዳለች። በመምህራን ክፍል ሁሉም "እንዴት ነሽ?" ይሏታል፤ ቆሞ መልሱን የሚሰማ ግን የለም። ስለ መደማመጥ ስታስተምር ውላ ቤቷ ስትገባ ራድዮኑን የምትከፍተው የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት የከተማ ምርጫ ሲቃረብ ተማሪዎቿ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ነበርና መምረጥ ይችሉ ነበር። በክፍሉ የሞሮኮም፣ የሩስያም፣ የኛም የኢትዮጵያውያኑ ልጆች አሉ። "አገሩ የሁላችንም ነው፤ ሁሉም በራሱ ድምፅ ይናገራል" ስትላቸው ከኋላ የምትቀመጠው ሆዳያ እጇን አወጣች።

"የሺ፣ ይሄ ውሸት ነው" አለች። "እማዬ ዕብራይስጥ አታነብም። በምርጫ ቀን ሰዎች በመኪና ይወስዷታል፤ እነሱ የመረጡላትን ዕጩ ወረቀት እጇ ላይ ያስይዟታል፤ እሷ ፖስታው ውስጥ ትከታለች። ታዲያ የማን ድምፅ ነው?"

የሺዓለምም በወጣትነቷ ለእናቷ እንደዚያው አድርጋ ነበር። "እማ፣ ይችን ክተቻት" ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው፤ እናቷም "እሺ ልጄ" ብለው ከተቱ። ማንን እንደሚፈልጉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻቸውም። አሁን እናቷ በሕይወት የሉም። የዚያን ዕለት ትምህርቱን ሳትጨርስ ልጆቹን አሰናበተች።

በሳምንቱ ለእናቷ ያደረገችውን ነገረቻቸው፤ ሳትደብቅ። ልጆቹም ሐሳብ አመጡ። የዕጩዎቹን ቃል በአማርኛና በሩስኛ ተርጉመው፣ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን መለያ ፊደል በትልልቁ ጽፈው፣ ለየቤታቸው ሽማግሌዎች ሊያስረዱ ተስማሙ። የሺዓለም ከሆዳያ ጋር ወደ ልጅቷ እናት ወደ አበዛሽ ቤት ሄደች።

"እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ? ልጆቹ ያውቃሉ" አሉ አበዛሽ።

"ልጆቹ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፣ እትዬ። እርስዎስ ከተማው ምን እንዲያደርግልዎ ይፈልጋሉ?"

አበዛሽ ጉልበታቸውን በእጃቸው አሻሹ። "ወደ ክሊኒኩ ስሄድ ጉልበቴን ያመኛል። በመንገዱ አንድ መቀመጫ የለም። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ማንም ጠይቆኝ አያውቅ።"

ሆዳያ እናቷን ትክ ብላ አየች። ከዚያ የዕጩዎቹን ቃል አንድ በአንድ አነበበችላቸው።

በምርጫው ቀን የሺዓለም ጠዋት ቂርያት ማላኪ መርጣ ያቭነ ስትደርስ፣ መራጮችን ከሚያመላልሱት አንዱን መኪናውን ከአበዛሽ ደጅ አቁሞ አገኘችው። "ያላ፣ እንሂድ እማማ!" ብሎ ቢጫና ነጭ የምርጫ ወረቀት ዘረጋላቸው።

"ለመኪናው እግዜር ይስጥልኝ" አሉ አበዛሽ። "ወረቀቱን ግን እዚያው አገኘዋለሁ።"

ሦስቱ ሴቶች በእግራቸው ሄዱ። አበዛሽ ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ብቻቸውን ገቡ፤ ቆዩም። ሲወጡ ሆዳያ "ማንን መረጥሽ?" አለቻቸው።

"አይነገርም አላላችሁኝም?" አሉና ሳቁ። ሆዳያም የራሷን ድምፅ ሰጥታ ወጣች።

እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። "ቤት ገብተሽ እህል ቅመሽ እንጂ" አሉ አበዛሽ።

"ቤት ይጠብቁኛል" አለች የሺዓለም። የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ለምን እንደዋሸች በመንገዷ ገደራ ከተማ ላይ አውቶቡስ ስትቀይርም አልገባትም።

የአበዛሽ ዕጩ አሸንፎ ይሁን ተሸንፎ ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። በዓመቱ ሆዳያ ለብሔራዊ ግዴታዋ ወታደር ሆነች። የሺዓለምም በገደራ ሌላ ክፍል ተሰጣት፤ የሠላሳ አዳዲስ ልጆችን ስም መያዝ ጀመረች።