ሊቀመንበሩ የሞተበት ትሬለር

«ሊቀመንበር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የክፍሉ ልጆች ናቸው። መምህር «በቡድን ሁኑ» ባለ ቁጥር ማንም ሳይመርጠው መሪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሌላው ገና ሐሳቡን ሲያወጣ ሲያወርድ እሱ ሥራ አከፋፍሎ ጨርሷል። ለራሱ የሚያስቀረው ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መቆጣጠር።

የፊልም መምህርታቸው «የወሮበላ ፊልም ትሬለር፣ አጭር የፊልም ማስታወቂያ፣ አቅዳችሁ፣ ቀርጻችሁ አምጡ» ስትል ቡድኑ የተሰበሰበው እሱ ቤት ነበር። ቡድን ተባለ እንጂ ሦስት ሰው ነው፤ እሱ፣ ጥሩ ስልክ ስላለው «ካሜራው» የሚባለው ልጅ፣ እና ክፍል ውስጥ ጥግ ይዛ በወር አንዴ የምትናገረው ዝምተኛዋ። እናቱ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሳሎኑ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ስፌት ቤት ነው። ወሮበሎቹም በተማሪ ዩኒፎርም ክምር መሐል ተጣበው ተቀምጠው ከተማ ለመቆጣጠር መዶለት ጀመሩ።

ሊቀመንበሩ ዕቅዱን ብቻውን ጨርሶት ጠበቃቸው። ትሬለሩ አሥራ ሁለት ትዕይንት አለው። በአሥራ አንዱ የወሮበሎቹ አለቃ ይታያል፤ አለቃው እሱ ነው። በአሥራ ሁለተኛው የአለቃው ጥላ ግድግዳው ላይ ያልፋል።

«እኛስ?» አለ ካሜራው።

«አንተ ትቀርጻለህ። እሷ ደግሞ...» ዝምተኛዋን አየት አደረጋትና አዘነላት መሰለኝ፣ «እሷ በር ትከፍትልኛለች።»

እናቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«አለቃው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማ።»

«ከተማው በሙሉ የሚፈራህ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

«ትናንት በረሮ አይተህ ሶፋ ላይ የወጣኸው አንተ?»

ካሜራውን ድንገት ሳል ያዘው። ሊቀመንበሩ ክብሩን ለማስመለስ ብድግ አለና የአለቃውን ንግግር ሊያሰማቸው ድምፁን አጎረነነ። «ይህች ከተ...» ሲል ትን አለው። እናቱ ሮጣ ውኃ አመጣች፤ ከተማ የሚያሸብረው ሰውዬም ጀርባውን እየተመታ ጠጣ።

«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለ ካሜራው፣ ለቀልድ ያህል።

ዝምተኛዋ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ከጠረጴዛው ላይ መቀሱን አንስታ ከእጅጌዋ የተመዘዘች ክር ቀስ ብላ ቆረጠች። ከዚያ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተቀመጥ» አለች።

ካሜራው ድሮም ተቀምጧል፤ አሁን ይበልጥ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ትእዛዙ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ወደ ስፌቷ የተመለሰችው እናቱ ሳትቀር እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

አለቃ ተገኘች። ሊቀመንበሩ፣ «እኔም በልቤ ያሰብኩት እሷን ነበር» አለ። ማንም አላመነውም፣ ማንም ግን አልተከራከረውም።

ዕቅዱ እንደ አዲስ ተጻፈ። የዝምተኛዋ አፍ ተፈታ። ትሬለሩ በተኩስና በጩኸት አይጀምር፤ ደረጃ ላይ በተዘረረ ሬሳ ይጀምር፤ ማን እንደገደለው አይነገር አለች። ሁሉም ወደዱት። ግን ማን ይሙት? ካሜራው ይቀርጻል። አለቃዋ ትገድላለች። ሁለቱም ዞር ብለው ሊቀመንበሩን አዩት።

«በፍጹም!» አለች እናቱ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት። «የኔ ልጅ እዚህ ቤት አይሞትም!»

«እትዬ፣ የውሸት እኮ ነው» አለ ካሜራው።

«የውሸትም ቢሆን! ከፈለጋችሁ ውጭ አውጥታችሁ ግደሉት።»

አውጥተው ገደሉት፤ እዚያው የሕንጻው ደረጃ ላይ። ማንም ያልጠበቀው ነገር የመጣው ያኔ ነው፤ ሊቀመንበሩ መሞት ይችልበታል! ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፋ ስትንሸራሸር ንቅንቅ አላለም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ከገበያ ስትመለስ፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ መኝታ አጣ?» ብላ ተሻግራው ስታልፍ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቡድን ሥራ ላይ ዝም አለ፤ የቡድን ሥራውም ለመጀመሪያ ጊዜ በጊዜው አለቀ።

መምህርቷ ትሬለሩን አይታ፣ «አለቃዋ ታስፈራለች» አለች። ቆየት ብላም፣ «ሬሳው ግን... ሬሳው ልዩ ነው» ስትል ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ ለክፍሉ በሙሉ እጅ ነሣ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ቡድኖችም ሰው መግደል ሲያምራቸው እሱን ይለምኑታል። እሱ ደግሞ በቀላሉ እሺ አይልም።

«እኔ ዝም ብዬ አልሞትም» ይላል እግሩን አነባብሮ፤ «መጀመሪያ ታሪኩን ላንብበው።»