በካፒታኖው መኪና ውስጥ የቀረ ብራና

እንዳላማው ቁራጩን ብራና ሁለት ጊዜ አነበበ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነብ ሲል ፊደሉ ተደባለቀበት። ምላጩን መሬት ላይ አኖረና ተገልብጦ በተቀመጠ የቤንዚን ጣሳ ላይ ቁጭ አለ።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጥር 1931 ዓ.ም.። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ የጣሊያን ጦር ጋራዥ። ፊት ለፊቱ የቆመችው የጦሩ አዛዥ የካፒታኖው ቀይ መኪና ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ኮፈኗ ረጅም ነው፣ በቆዳ ቀበቶ ይታሰራል። ለእሽቅድድም ተሠርታ ነበር፤ አሁን ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ደብረ ማርቆስ የደረሰችው በካሚዮን ተጭና ነው።

እንዳላማው የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። አባቱ ብራና ፋቂ ነበሩ። እሱ የፍየል ቆዳ ሽታ ሰልችቶት በዐሥራ ሰባት ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ አንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ ዐሥር ዓመት ሠራ። ጣሊያን ሲመጣ ወደ አገሩ ተመለሰ። መኪና መፍታትና መግጠም እንደሚችል የሰሙ ወታደሮች ከገበያ መሀል ይዘው ወሰዱት። ሰው ባንዳ ይለዋል። እሱ መካኒክ ነኝ ይላል።

ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ አካለ ወልድ ከአባታቸው ሙያ አልራቁም፤ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለአርበኞች ደብዳቤ ይጽፋሉ ተብለው ቤታቸው ተፈተሸ፣ ታሰሩ። የተገኙት መጻሕፍትና ወረቀቶች ታሽገው አስተርጓሚ ይጠብቃሉ። አስተርጓሚው ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ይደርሳል። አንድ መስመር ከተገኘባቸው ስቅላት ነው።

ሰኞ ዕለት ካፒታኖው ጋራዥ መጥቶ ነበር።

«ከመንገድ ሥራው መሐንዲስ ጋር ተወራርጃለሁ» አለ። «እሁድ በአርባ ደቂቃ አምበር ምሽግ እገባለሁ ብያለሁ። ይቺ ግን ዳገት ላይ ትስላለች፤ የቆመችበትን ሁሉ በዘይት ታበላሻለች።»

«አርጅታለች፣ ሲኞር ካፒታኖ።»

«ያ የታሰረው ቄስ ወንድምህ ነው አሉ።»

እንዳላማው መፍቻውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ ነው።»

«ቅዳሜ ሳትስል ከተነሣች፣ ከሥሯም አንድ ጠብታ ካላየሁ ቄሱን እለቀዋለሁ። እሁድ እንደ ወትሮህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። መንገድ ላይ ከቆመችብኝ መልሼ አስገባዋለሁ።»

እንዳላማው ያን ቀን ምሳ አልበላም። በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ከአራቱ ሁለቱ በዘይት ተለውሰው ጠቁረዋል። ከካሚዮኖቹ መለዋወጫ ሣጥን አዲስ አውጥቶ ገጠመ። እሳቱን የሚቆርጡት ሁለቱ ፑንቲናዎች ተበልተው ስለነበር እነሱንም ለወጠ። መኪናዋ አሁንም ሳለች። እሳቱ በሆነ ቦታ ያመልጣል፤ በቀን ብርሃን ደግሞ አይታይም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ከወገቡ በላይ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ሞተሩን የሚያስነሣውን ማንቬላ የሚያዞርለት የበሩ ዘበኛ ቢተው ነበር።

«ጸሎት ነው እንቅልፍ?» አለ ቢተው።

«አዙር ብዬሃለሁ።»

«መኪና ሲያጥኑ ያየሁት ዛሬ ነው። ሬሳ አስመስለህ ተከናንበህባት እንዴት ትነሣ?»

ጋቢው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ በሚያከፋፍለው ክዳን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ እሳቱ በዚያ ይሾልካል። እንዳላማው አባይ በረሃ ተገልብጦ ተጎትቶ ከመጣ አምቡላንስ ላይ ክዳኑን ከነሽቦዎቹ ነቅሎ አመጣ። ረቡዕ ማታ መኪናዋ መሳል አቆመች።

ዘይቱ ቀረ። የሚያንጠባጥበው በሞተሩ የጎን ክዳንና ከታች ባለው የዘይት ጎድጓዳ ዙሪያ ነው። በብረትና ብረት መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ተበጣጥሷል። አዲስ ደግሞ የለም። እንዳላማው ይህን ችግር ሁለት ዓመት ሙሉ የተወጣው በብራና ነው። የብራና ጠርዝ ዘይት ውስጥ ያሳድርና ከብረቱ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን በትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ልኩን ይቆርጠዋል። ቁርጥራጩን የሚሰጡት መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ከታሰሩ ወዲህ የሚሰጠው አላገኘም። ሐሙስ ይህንኑ ለካፒታኖው ነገረው።

«ከቄሱ ቤት የመጣ አንድ ቅርጫት ቁርጥራጭ ቆዳ ቢሮ አለ» አለ ካፒታኖው። «የተጻፈባቸውን መጻሕፍት ለይተናል፤ ይሄ ጥራጊ ነው። ጥቂቱን ምድጃ ውስጥ ጨምረን ነበር፣ ከሽታ በቀር ጥቅም የለውም። ውሰደው።»

እንዳላማው ዓርብ ጠዋት ከቅርጫቱ ውስጥ ለጎን ክዳኑ የሚበቃ ረጅም ጠርዝ መዘዘ። ገለበጠው። በጀርባው በወንድሙ እጅ ተጽፏል።

«ይድረስ ለፊታውራሪ አንሙት። የካፒታኖው ቀይ መኪና ወደ አምበር መመላለስ ጀምራለች። መጨረሻው ዳገት ላይ ትደክማለች፤ የሚመቸው እዚያ ነው። የሚጠግናት እንዳላማው አብሮ ይቀመጣል። ወንድሜ ነው ብላችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ።»

«ወንድሜ» ከሚለው በፊት አንድ ቃል ተሰርዟል። ምን እንደነበረ አይነበብም።

ለአርበኞቹ አለቃ የተጻፈ ረቂቅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያጠፋው ነበር። የብራና ፋቂ ልጅ ግን ብራና እሳት ውስጥ አይጨምርም፤ ያስቀምጠዋል፣ ሲመቸው ፍቆ መልሶ ይጽፍበታል። አባታቸው ሁለቱንም ያሳደጓቸው እንዲህ ነው። መሪጌታም ሰው የሚያስገድል ደብዳቤ ጽፈው ረቂቁን እንዳይባክን ከቁርጥራጭ ጋር አኖሩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ስንቅ ያቀበላቸው እንዳላማው ነው። ትናንት እንኳ በፍርግርጉ በኩል እንጀራውን ተቀብለው መርቀውታል።

የተረፈው ቅርጫት ወደ ቢሮ ይመለሳል፤ እዚያ ቢጨምረው ማክሰኞ አስተርጓሚው ያገኘዋል። ኪሱ ቢከተው ዘበኛው ቢተው በሩ ላይ ይፈትሸዋል። ለመፋቅ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ዘይት ማሞቂያው እሳት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። እጁን ዘረጋና መለሰው።

ምላጩን አንሥቶ ጠርዙን በርዝመቱ ቆረጠው። ለማሳደር ጊዜ ስለሌለ የሞቀ ዘይት አጠጣው፣ ብረቱ ላይ ዘረጋው፣ መቀጥቀጥ ጀመረ። ከቡሎን ቀዳዳዎቹ አንዱ በስሙ ላይ አረፈ። ቡሎኖቹን አንድ ከላይ አንድ ከታች እያለ እኩል አጠበቃቸው፤ አርመኑ ያስተማረው እንደዚያ ነው። ለታችኛው ጎድጓዳም ከቅርጫቱ ሌላ ጠርዝ ወስዶ እንዲሁ አደረገ።

ቅዳሜ መኪናዋ በመጀመሪያው ዙር ተነሣች። ካፒታኖው ከሥሯ ነጭ ወረቀት አንጥፎ ግማሽ ሰዓት አስነሥቶ አቆማት። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በዘጠኝ ሰዓት መሪጌታ አካለ ወልድ ከእስር ቤቱ በር ወጡ። እንዳላማው ውጭ ቆሞ ጠበቃቸው።

«እንኳን ወጡ፣ አያ።»

«ምን አድርገህላቸው ነው የለቀቁኝ?»

«መኪናዋን ጠገንኳት።»

«በምን?»

«ከቤትዎ በመጣው ቁርጥራጭ። ለፊታውራሪ አንሙት የጻፉትም አብሮ ገብቷል። ሞተሩ ላይ ነው።»

መሪጌታ የአጥሩን ግንድ ያዙ።

«አንብበኸዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አንብበህ ነው ያስፈታኸኝ?»

«የተሰረዘው ቃል ምን ነበር?»

መሪጌታ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ረቂቁ ነው» አሉ። «ንጹሑ ቅጂ ከሄደ ወር ሆኖታል።»

እንዳላማው ይህን አላሰበውም ነበር። ንጹሑ ሳይላክ የታሰሩ ይመስለው ነበር።

«ነገ ትሄዳለች?» አሉ መሪጌታ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«አንተስ?»

«አጠገቡ።»

«አሞኛል ብለህ ቅር።»

«ከቀረሁ እርስዎን መልሶ ይይዛል። ብትቆምም ያው ነው።»

መሪጌታ ሳይሰናበቱ ሄዱ። የደብረ ኤልያስን መንገድ ትተው በአምበር በኩል ወረዱ። ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን እግር ነው፤ እሳቸው ሦስት ሳምንት ተቀምጠው የወጡ ናቸው።

እሁድ ሁለት ካሚዮን ወታደር ለጥበቃ ከኋላ ተከተለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አቧራቸው እንኳ አይታይም ነበር። እንዳላማው የሠራው ሁሉ በትክክል ሠራ። አራቱም ካንዴላ ያለ አንድ ስሕተት ይተኩሳሉ። እንዳላማው ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ጥሎ አንዱ እንዲስት ጠበቀ፤ ቢስት ወንድሙ ይታሰራል፤ ባይስት ካሚዮኖቹ አይደርሱም። አልሳተም።

«እንደ አዲስ አደረግሃት» አለ ካፒታኖው እየጮኸ።

መጨረሻው ዳገት መጣ። መኪናዋ አልደከመችም። መታጠፊያው ላይ፣ በመንገዱና በቁጥቋጦው መካከል፣ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጥምጣሙ ተፈትቶ ትከሻው ላይ ወድቋል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። መሪጌታ ነበሩ። ጀርባቸውን ለቁጥቋጦው ሰጥተዋል። ከኋላቸው፣ በቅጠሉ መካከል፣ እንዳላማው የጠመንጃ አፈሙዝ አየ። እስከ አምስት ቆጠረና መቁጠሩን ተወ። ወደ መኪናዋ የሚተኩስ ሁሉ በእሳቸው በኩል መተኮስ ነበረበት።

ካፒታኖው ጥሩንባ ነፋ። «አብዷል እንዴ ይሄ?»

መሪጌታ አልተነሡም። ወንድማማቾቹ ተያዩ። መኪናዋ አለፈች። እንዳላማው ትከሻውን አኮማትሮ ጥይቱን ጠበቀ፤ አልመጣም።

«ያ የለቀቅሁት ቄስ አይደለም?» አለ ካፒታኖው።

«አይደለም» አለ እንዳላማው።

አምበር ምሽግ በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ገቡ። ካሚዮኖቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሱ። መንገድ ላይ ምን አያችሁ ሲባሉ ምንም አሉ፤ አንድ ቄስ ብቻ፣ እያነከሰ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ።

እንዳላማው ይህን ሲሰማ አሁንም መኪናዋ ውስጥ ነበር።

«ውረድ እንጂ፣ አሸንፈናል» አለው ካፒታኖው።

«እሺ» አለ። ወርዶ የኮፈኑን የቆዳ ቀበቶ ፈታና በስሙ ላይ ያረፈውን ቡሎን በመፍቻ ሞከረው። አልላላም ነበር።