ለኑሩ የላክሁት ካሴት

ከየካ የወጣሁበትን ማለዳ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ብርዱ ነው። ሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ በራችን ላይ ቆማ ወንድሜን ኑሩን ኮት ታለብሰዋለች፤ ካልሸኘኋት ብሎ ነው። ኑሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጢሙ የሞላ ሰው ነው። አእምሮው ግን እንደ አካሉ አላደገም። እናቴ ካላጠበችው አይታጠብም፣ ካላለበሰችው አይለብስም። ቁልፉን ስትቆልፍለት እንደ ሕፃን አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃታል።

“ሰዓዳ የት ትሄዳለች?” አለኝ።

“ደሴ ደርሼ እመጣለሁ፣ ኑሩዬ።”

ደሴ ብቻ አልነበረም። አብዮት ጠባቂዎች እጮኛዬን ከወሰዱት ወዲህ ስለ እኔም ይጠይቁ ጀምረው ነበር። የሟቹ አባቴ ጓደኛ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ላምበረት ላይ ሊያነሳኝ ተስማምቷል፤ ከደሴ ወደ ባቲ፣ ከዚያ በአፋር በረሃ አቋርጬ ጅቡቲ ልገባ። እናቴ አላለቀሰችም። “እኔ እያለሁ ለኑሩ አታስቢ” ብቻ አለችኝ። እኔም መኪናው ላይ ሆኜ ያሰብኩት ያንኑ ነው። እሷ የሌለች ዕለትስ?

የበረሃውን ነገር አልዘረዝርላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትን አላህ ይጠብቀው። ጅቡቲ ከርሜ ሞግዚት የሚፈልጉ የጣሊያን ባልና ሚስት ቶሪኖ ወሰዱኝ።

ጣሊያን ሲባል ሙቀት መስሎኝ ነበር! የእንጦጦ ብርድ እኮ ጠዋት ያስፈራራችሁና ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የቶሪኖው ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። ፓስታውም በርበሬ የለው፣ የበሽተኛ ምግብ ነው የሚመስለው። ቋንቋውን ግን ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ፍሬን እያልኩ ግማሹን ከየካ ይዤው የሄድኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ክፍል ያከራየችኝ ሲኞራ፣ “አገርሽ ቤት የለም እንዴ?” አለችኝ።

“አለ እንጂ።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?”

“ለእርስዎ ኪራይ ልከፍል” አልኳት። አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ጣሊያኖች ትልልቆቹን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች እየዘጉ ነበር። ዕድሜያቸውን በግንብ ታጥረው የፈጁ ሰዎች ካዛ ፋሚሊያ በሚሏቸው ትንንሽ ቤቶች ይኖሩ ጀመር። ልጆቹ ሲያድጉ የሞግዚትነቱ ሥራ አበቃና ከነዚያ ቤቶች በአንዱ በጽዳት ተቀጠርኩ። በገባሁበት ቀን ፒየትሮ የሚባል ሽበታም ሰው ሸሚዝ ሲያለብሱት አየሁ። አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የቤቱ አሠልጣኝ ላውራ እዚያው አገኘችኝ። ስለ ኑሩ ነገርኳት። እጄን ይዛ ወደ ፒየትሮ መለሰችኝና፣ “ተመልከቺ” አለችኝ። ሸሚዙን ሁሉ እሷው አለበሰችው፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን ግማሽ ድረስ አስገብታ ተወችለት። እጇን በእጁ ላይ አደረገችለት፤ እሱ ሳበ፣ ቁልፏም ወጣች። “ብራቮ፣ ፒየትሮ!” ብላ ወዲያው የሚወዳትን ከረሜላ ሰጠችው። “መልበስ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፣ ለሱ ግን ብዙ ነው። ከመጨረሻው የምንጀምረው የጨረሰው እሱ እንዲሆን ነው” አለችኝ።

ያቺን ሲለምድ ከሷ በላይ ያለችውንም ተወችለት። እጇ ከእጁ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ክርኑ ሸሸ፤ በኋላ በጣት ማመልከት ብቻ ቀረ፣ እሱም ቀረ። ሲሳሳት ቁጣ የለም። ክረምቱ ሲወጣ ፒየትሮ ቁልፎቹን አዛንፎ ቆልፎ፣ ራሱን ችሎ ለቁርስ መጣ። ማንም አላቃናለትም። እኔም ሥራውን አስተምሩኝ ብዬ ለመንኩ፤ አስተማሩኝ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ሁሉንም በካሴት ቀድቼ በአንድ ነጋዴ እጅ ላክሁላት። መልሷም በካሴት መጣ፤ ከድምጿ ኋላ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ ይሰማል። “ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ልጄን እንደ ዝንጀሮ በከረሜላ ላጫውተው? እኔ እጅ የለኝም?” ብዙ ተቆጣች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ዓይኔ ግን ደክሟል፣ ሰዓዳ። ቁልፉንም በዳበሳ ነው የምቆልፍለት። ያቺን የመጨረሻዋን እሞክራታለሁ፣ ኢንሻ አላህ” አለች።

ካሴቶቻችን ተመላለሱ። ኑሩ ከከረሜላው ይልቅ “ጎሽ!” መባልን እንደሚወድ ነገረችኝ። ፊቱን መታጠብ ጀመረ፣ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። አንዱ ካሴት ላይ “ስሚ!” ትላለች። ከዚያ ሸሚዙን ሲቆልፍ የኑሩ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ረጅም ትንፋሽ። ድንገት “ጨረስኩ!” ብሎ ጮኸ፣ እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው። ያንን ካሴት ክሩ እስኪበጠስ ሰማሁት።

ላስመጣቸው ኩዌስቱራ ሄጄ ነበር፤ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ የሚለምንበት የፖሊስ ቢሮ ነው።

“ወንድምሽ ምን ይሠራል?” አለኝ ሹሙ።

“ሸሚዙን ይለብሳል።”

“ሥራውን ነው የጠየቅሁሽ።”

“እሱ ነው ሥራው፣ ሲኞሬ።”

ወረቀቴን ሳይፈርምበት መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት እናቴ ሞተች። በስልክ የነገረችኝ ጎረቤታችን እትዬ አመለወርቅ ናት። የክርስቲያን ቤት ነው፣ ግን ኑሩን የወሰደችው እሷ ናት። “አይዞሽ፣ ሰዓዳ። ሁሉን በራሱ ነው የሚያደርገው። ብቻ ቁጭ ሲል ያሳዝነኛል” አለችኝ። በሳምንቱ ስልክ ያለበት ሱቅ ይዛው ሄዳ ደወለችልኝ።

“ኑሩዬ፣ እኔ ነኝ።”

“ሰዓዳ!” ቀጥሎ ቸኩሎ፣ እንዳይረሳ እንደሚፈራ ሰው፣ “ታጠብኩ። ለበስኩ። ጫማ አደረግሁ። በላሁ” አለኝ።

“ጎሽ የኔ ወንድም፣ ጎሽ!”

ሱቁ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል፣ ከውጭ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

“ከዚያስ?” አለኝ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። መልበስን ከመጨረሻው ጀምረን አስተማርነው፤ ከለበሰ በኋላ ያለውን ቀን ግን አላስተማርነውም። እሱም ማዶ ሆኖ ይጠብቃል።