እናቴ ጸጉሯን ዋጃ ድረስ ሄዳ የምትሠራበት ምክንያት

መጀመሪያ የጠፋብኝ የሙሽራዋ ቀኝ ጆሮ ነው።

ኮቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ከኋላዋ ቆሜ ሹሩባ እየሠራኋት ነበር። ግራ ጆሮዋ አለ። በቀኙ ቦታ ግን ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ፣ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ ነበር። ዓይኔን አሸሁት፤ አልሄደም። ቀጥሎ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ደነዘዘች። ድንዛዜው ቀስ እያለ ወደ ክንዴ፣ ከዚያ ወደ ከንፈሬ ወጣ። የያዝኩት ጉንጉን ከእጄ አመለጠ።

«ምነው ቆምሽ? ግማሽ ሙሽራ አድርገሽ ልትልኪኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከሮቢት የመጣች ልጅ ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች።

«ቆይ» ልላት ፈልጌ «ማበጠሪያ» አልኩ። ሳቀች። ደግሜ ሞከርኩ። «ማበጠሪያ።» ዞራ ስታየኝ ሳቋ ቆመ። አፌ ወደ ግራ ተጎትቷል። ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ወደቅሁ። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ስሙን ለማታውቁት ነው። አላባብላችሁም። እኔ አልዳንኩም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ነው ጸጉር ቤት የከፈትኩት። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ቆመው የሚሠሩት ሥራ ይስማማኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ቀኝ ጎኔ የእኔ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እጄም እግሬም ተመለሰና ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው አለ። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፣ ቀቡኝ። እናቴም «ምች ነው» አለች፤ ከሁሉም ፈጥና። ያን ጊዜ ፍጥነቷን ልብ አላልኩትም።

በወሩ ተመለሰ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ሆስፒታል ሄድን። «ስትሮክ ሊሆን ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዘልኝ፤ ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ። አስፕሪን ይዤ ተመለስኩ። አልተወኝም። እኔ ደግሞ መታገሥ አልወድም፤ አንዷ ደንበኛዬ ለራስ ምታቷ የምትውጠውን ኤርጎታሚን ያለበት ኪኒን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጠኝ ተቀብዬ ዋጥኩ። ሐኪም አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስድስት ቀን። እጄ አልተነሣም። ሽንቴን አላውቅም። ስምሽ ማነው አሉኝ፤ የለም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች አውቃለሁ። መጥሪያዋ ግን አፌ ላይ አልመጣም። ስድስት ቀን።

ስነሣ ትንሿ ጣቴ አብራኝ አልተነሣችም። ለሹሩባ ሠሪ ያቺ ጣት ብዙ ናት፤ የሚቀጥለውን ዘለላ ለይታ የምትይዘው እሷ ናት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። እጇ በድን ለሚሆንባት ሴት ራሱን የሚሰጥ የለም። ከጎብዬና ከሮቢት የሚመጡት ደንበኞቼ በሬን አልፈው ወደ ሌላዋ ጸጉር ቤት ሲገቡ በመስተዋቴ አያቸው ነበር። ሞቼ ባረፍኩ ያልኩበት ቀን ጥቂት አይደለም። እውነቱን ልጽፍ ስለተቀመጥኩ ጻፍኩት።

ታጭቼም ነበር፤ የጎብዬ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው እናቴን ጠየቋት። በእኛ ዘንድ ዘር ይጠየቃል። «በዘራችሁ እንዲህ ያለ ሕመም አለ ወይ?» አሏት። «ወላሂ የለም» አለች።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ራሷን ሰጥታኝ አታውቅም። ልጇ ጸጉር ሠሪ ሆና ሳለ በየወሩ ሚኒባስ ተሳፍራ ዋጃ፣ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ዘንድ ሄዳ ትሠራለች። ቤት ውስጥም ስትተኛም ሻሿ አይወልቅም። ሰፈርተኛው ይስቅብኝ ነበር። «ልጅቱ ስትሠራ ብታምርማ እናቷ ዋጃ ድረስ ትሄዳለች?» ይሉኛል። ንቃኝ ነው ብዬ አኩርፌያት ኖሬያለሁ።

ሕመሙ በጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት ደሴ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ገባን። እስከዚያ እንደሱ አድርጎ የጠየቀኝ የለም። ብርሃኑ ከየት ወገን ይጀምራል፣ ድንዛዜው በስንት ደቂቃ ከጣት ከንፈር ይደርሳል፣ ቃል የሚጠፋብኝ ከራስ ምታቱ በፊት ነው በኋላ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«በቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ? እናት፣ አባት፣ አክስት?»

«የለም ዶክተር። ዘራችን ንጹሕ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ሁለት ነገር ነው የሚምታታብኝ። አንዱ ስትሮክ ነው። ሌላው ሄሚፕሌጂክ ማይግሬን ይባላል፤ ብዙ የማይገኝ፣ ግማሽ አካልን አስንፎ የሚመልስ የማይግሬን ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ከወላጅ ይወረሳል። በዘር ካለ ወደዚያ አደላለሁ። ከሌለ ግን በደም ማቅጠኛ ልሞክራት ነው፤ እሱም የራሱ አደጋ አለው።»

እናቴ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ሻሿን ፈታች።

ወንድ ፊት ስትፈታ አይቼ አላውቅም። እኔም ፊት እንኳ። ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ጸጉሯን በሁለት እጇ ለየችው። አናቷ ላይ አምስት ክብ ጠባሳ አለ፤ እያንዳንዱ የጠርሙስ ቆርኪ ያህላል። ጸጉር አልበቀለበትም።

«መቼ ነው የተተኮሱት?» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጅ ሆኜ፣ ሳላገባ። ግማሽ ጎኔ በድን ሲሆንብኝ አባቴ ወስዶ በጋለ ብረት አስተኮሰኝ። ዳነች ተብዬ ተዳርኩ። አልዳንኩም ነበር። ሃምሳን ሳልፍ ነው የተወኝ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን አንዳንድ ቀን «እናታችሁን ምች መቷታል» ተብሎ ከቤት እንወጣ ነበር። በሩ ሁለት ቀን ይዘጋል።

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አላለቀስኩም። «ሁለት ዓመት!» ብዬ ጮኽኩባት።

«ለማን ብዬ መሰለሽ?» አለች፤ ቀና ሳትል።

ሐኪሙ ሻሿን አንሥቶ ሰጣት። «አሁን ነግረውኛል እናቴ። ከዚህ እንቀጥል።»

ኤም አር አይ ተነሣሁ፣ ልቤ በኢሲጂ ታየ፣ ከዚያ ቬራፓሚል የሚባል ኪኒን አስጀመረኝ። ኤርጎታሚን ያለበትንም ትሪፕታን የሚባሉትን የራስ ምታት ኪኒኖችም እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። እንቅልፍ እንዳላጎድል፣ ባዶ ሆዴን በኮቦ ሙቀት እንዳልቆም ነገረኝ፤ ጾሙንም ከለከለኝ፣ እሱ ከኪኒኑ ይልቅ ከበደኝ። ስወልድ ልጄ ይይዘው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ከእናትሽ እንደመጣው ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው» አለኝ። ሌላም አለኝ፤ እስካሁን የማምነው ስላልዋሸኝ ነው። «አድንሻለሁ አልልሽም። ላራርቅልሽ እሞክራለሁ።»

አራራቀልኝ። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ የነበረው አሁን ሁለት ሦስት ወር እየቆየ ይመጣል፤ ሲመጣም በአብዛኛው ባንድ ቀን ይለቀኛል፣ እኔም መምጫውን ስላወቅሁ ብርሃኑ ሲጀምር ማበጠሪያውን አስቀምጬ መሬት ላይ እተኛለሁ እንጂ ቆሜ አልጠብቀውም። መድኃኒቱ ግን ኮቦ ሁልጊዜ አይገኝም፤ መንገድ ሲዘጋ ያልቅብኛል፣ ያን ሰሞን እንደ ድሮው ይመላለስብኛል። ጣቴም አልተመለሰችም።

ከደሴ በተመለስን በሳምንቱ እናቴ ብቻዋን ጎብዬ ሄደች። «ወላሂ ብዬ ነበር፤ ዋሽቻለሁ» ብላ ለሽማግሌዎቹ ተናግራ መጣች። እጮኛዬ ስልክ እንኳ አልደወለም። አልረግመውም። አልመርቀውምም።

ቀኝ ጎናችሁ ወይም ግራችሁ እንደኔ ደንዝዞ የሚመለስ ከሆነ፣ ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፤ የመጀመሪያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላልና። የሰው ኪኒን አትዋጡ። የሚመጣበትን ቀን፣ የበላችሁትን፣ የተኛችሁትን ጻፉ። እናታችሁን ጠይቁ፤ የለም ብትልም ደግማችሁ ጠይቁ። እናቶችም ብታነቡት፣ ለልጃችሁ ባል ስትጠብቁ ልጃችሁን አትጡ።

ያ ሐኪም ዕድሜ ይስጠው። ያቺ የሮቢት ሙሽራም፤ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ባጃጅ አስቁማ ቤቴ ያደረሰችኝ እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ወደ ዋጃ የምትሄድበት ቀን ነበር። ጸጉር ቤቴ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ጠባሳዎቹን እየዞርኩ፣ በአራት ጣት፣ ጠዋቱን ሙሉ ሠራኋት።

«የዋጃዋ ከዚህ ትፈጥናለች» አለች።

«ዋጃ ሂጂያ» አልኳት።

አልተነሣችም።